የሐይቅ ዳሩ ሴንሰር፣ የሚጠፋው ዶንግልና የ12 ሜትሩ ዩኤስቢ

ጥያቄው ከባሕር ዳር የመጣ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጣና ዳር የውሃውን ከፍታና ሙቀት የሚመዘግብ ዕቃ ሠርቻለሁ። ራዝበሪ ፓይ 4 የሚባለው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ጥበቃ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ሴንሰሩ ጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ፣ ውሃ ውስጥ ነው። በመሃል 40 ሜትር የኔትወርክ ገመድ አለ፤ ግንኙነቱ አርኤስ 485 በሚባለው፣ ዳታን በሽቦ ሩቅ በሚያደርሰው የሲሪያል ዘዴ ነው። ሴንሰሩ ኃይል የሚያገኘው ማቆሚያው ላይ ካለ ባለ12 ቮልት የሶላር ባትሪ ነው። ቦርዱ ግን በቻርጀር ነው የሚሠራው። ኢንተርኔት በዩኤስቢ ዶንግል ነው የሚመጣው። ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳምንት ያለ ችግር ሠራ። እዚያ ስወስደው ዶንግሉ በቀን ደጋግሞ ይጠፋል። ንባቡ አንዳንዴ ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሆናል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ የፖርቶቹ ስም ይቀያየራል። ፕሮግራሙን ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ለውጥ የለም። አሁን ኔትወርኩ እንዲሻል ዶንግሉን ጣሪያ ላይ ላወጣው ነው። የዩኤስቢ ገመዱን ቆርጬ፣ በመሃሉ የኔትወርክ ገመድ ቀጥዬ 12 ሜትር ባደርገው ይሠራል? ምን ይመክሩኛል?»

ፎቶም ልካለች። ጥያቄዋ ውስጥ ያልተጻፈውን ብዙውን ነገር ያገኘሁት ከፎቶዎቹ ነው።

እህቴ፣ መጀመሪያ መቁረጫውን አስቀምጪ። ገመዱን አትቁረጪ። ለምን እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ። ፕሮግራሙንም ለጊዜው ተይው። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳምንት የሠራ ፕሮግራም ሐይቅ ዳር ስለሄደ አይበላሽም። የተቀየረው ገመዱና ኃይሉ ነው። ከሦስቱ ችግሮችሽ ሁለቱ በመልቲሜትርና በመፍቻ የሚፈቱ ናቸው። ኪቦርድ የሚፈልገው ሦስተኛው ብቻ ነው።

ከዶንግሉ እንጀምር። በፎቶው ላይ ቦርዱ የተሰካው በስልክ ቻርጀር ነው፤ ገመዱም ረጅምና ቀጭን ነው። ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልት ላይ 3 አምፔር መስጠት የሚችል ቻርጀር ነው። ያንቺ ቻርጀር ላይ 3 አምፔር ተጽፎ ይሆናል። ግን ቻርጀሩ የሰጠው ሁሉ ቦርዱ ጋ አይደርስም። በርካሽ ገመዶች ውስጥ ያለው የኃይል ሽቦ ብዙ ጊዜ ቁጥር 28 የሚባለው ቀጭን ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ በአንድ ሜትር 0.21 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው። ገመዱ 2 ሜትር ከሆነ ከረንቱ 2 ሜትር ሄዶ 2 ሜትር ይመለሳል። በድምሩ 4 ሜትር፣ ማለትም 0.85 ኦም ገደማ ነው። ቦርዱና ዶንግሉ አንድ ላይ 1 አምፔር ሲስቡ 0.85 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ቻርጀሩ 5.1 ቮልት ቢሰጥ እንኳ ቦርዱ የሚያገኘው 4.25 ነው። ፓይ ደግሞ ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርድ ኃይል እንዳነሰው ይመዘግባል። ቦርዱ ራሱ ላይጠፋ ይችላል። ቀድሞ የሚሸነፈው ዶንግሉ ነው።

ቤትሽ ለምን ሠራ? ዶንግል ኔትወርኩ ሲደክምበት የሚያስተላልፍበትን ጉልበት ይጨምራል። ጉልበቱ ሲጨምር የሚስበው ከረንትም ይጨምራል። ከተማ ውስጥ፣ ከማማው አጠገብ፣ ቀጭኑ ገመድ ችሎት ነበር። ዳር ላይ አልቻለውም። ስለዚህ ዶንግሉ ሲጠፋ ያየሽው የኔትወርክ ችግር ሳይሆን የኃይል ችግር ሊሆን ይችላል። ጣሪያ ላይ ብታወጪውም አብሮሽ ይወጣል።

ይህን በግምት አትያዢው፤ ለኪው። ቻርጀሩ ጫፍ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ ነው የሚለካው። ከ40ዎቹ ፒኖች ውስጥ ፒን 2 ባለ5 ቮልት ነው፤ ፒን 14 ግራውንድ ነው፤ ማለትም ቮልቴጁ የሚለካበት ዜሮ ነጥብ። የመልቲሜትሩን ጫፍ ፒኑ ላይ በቀጥታ አታሳርፊ። ፒን 2 አጠገብ ያለው ፒን 1 ባለ3.3 ቮልት ነው፤ ጫፉ ተንሸራትቶ ሁለቱን ካገናኘ ቦርዱ ሊሞት ይችላል። ቦርዱ እንደጠፋ ሴቴ ጃምፐር ሰክተሽ አውጪና በሌላው ጫፍ ለኪ። ከዚያ አብሪው፣ ዶንግሉ ትልቅ ፋይል ሲልክ ቁጥሩን ተመልከቺ። ከ4.8 በላይ ጸንቶ ከቆመ ገመዱን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወደ 4.6 ከወረደ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ቦርዱን ራሱንም መጠየቅ ትችያለሽ። የ«ጌት ትሮትልድ» ትእዛዝ ዜሮ ከመለሰ ከተነሳ ጀምሮ ኃይል አላነሰውም ማለት ነው። 50000 ካለ ቀደም ብሎ አንሶት ነበር። 50005 ካለ አሁንም አንሶታል።

መፍትሔው አጭርና ወፍራም ገመድ ነው። ለፓይ 4 ተብሎ የተሠራ ቻርጀር ካገኘሽ ገመዱ አብሮት ስለሚመጣ ያን ግዢ። አራቱ የዩኤስቢ ፖርቶች በድምሩ መስጠት የሚችሉት 1.2 አምፔር እንደሆነም ልብ በይ። ዶንግሉን የራሱ ኃይል ባለው ሀብ (የዩኤስቢ ቀዳዳ ማብዣ) ላይ ብትሰኪው ይሻላል። ሀብ ስትገዢ አንድ ነገር ፈትሺ። የቦርዱን ቻርጀር ንቀይና ሀቡን ብቻ እንደተሰካ ተይው። የቦርዱ ቀይ መብራት ከበራ ሀቡ በዳታው ገመድ በኩል ኃይል ወደ ኋላ እየላከ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ለሻጩ መልሺለት።

አሁን ወደ 485ቱ። ብዙ መጻፍ የፈለግኩት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው።

አርኤስ 485 በሁለት ሽቦ ይሄዳል፤ ኤ እና ቢ። ተቀባዩ የሚያየው የሁለቱን ልዩነት ነው። ስለዚህ «ሁለት ሽቦ ይበቃል» ይባላል። አንቺም ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያገናኘሽው። ግን ልዩነቱን በትክክል ለማየት ኤም ቢም ከተቀባዩ ግራውንድ አንጻር ከ7 ቮልት ኔጌቲቭ እስከ 12 ቮልት ፖዘቲቭ ባለው ክልል ውስጥ መቆየት አለባቸው። ከክልሉ ሲወጡ ተቀባዩ ይስታል፤ ሲብስም ይቃጠላል።

ያንቺ ሴንሰር ግራውንዱ የሶላር ባትሪው ነው። የቦርድሽ ግራውንድ የቻርጀሩ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ምንም የለም። ባለሁለት እግር ቻርጀር ደግሞ ግራውንዱ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በውስጡ ካለች ትንሽ ካፓሲተር የተነሳ ከመሬት አንጻር በ50 ኸርዝ ይዋልላል። ባለብረት ላፕቶፕ ቻርጅ ላይ ሆኖ ስትነኪው እጅሽን የሚነዝርሽ እሱ ነው። ከረንቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሰው አይጎዳም። ቮልቴጁ ግን የ485ን ክልል ለማለፍ ይበቃል። ጠረጴዛሽ ላይ ሁሉንም ከአንድ ቦታ ስላበራሽው ይህ አልታየም። እዚያ ሁለት የኃይል ምንጭ ሆነ፤ ንባቡም ተበላሸ።

ስለዚህ ሦስተኛ ሽቦ ያስፈልግሻል፤ ግራውንድ። ሁለቱን ምንጮች እንደተለያዩ የምታቆያቸው ከሆነ በግራውንዱ ሽቦ ላይ 100 ኦም ሬዚስተር አስገቢ፤ በሁለቱ መካከል የሚሮጠውን ከረንት ይገታዋል።

እኔ ብሆን ግን ባትሪውን ወደ ጥበቃ ቤት አመጣው ነበር። የኔትወርክ ገመድሽ አራት ጥንድ ሽቦ አለው። አንዱ ጥንድ ለዳታ ይበቃል። በሁለት ጥንድ 12 ቮልቱን ላኪ፤ አንዱ ጥንድ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ጥንድ ግራውንድ። የሽቦው ቁጥር 24 ከሆነ በሜትር 0.084 ኦም ነው። ሁለት ሁለት ሽቦ ስታጣምሪ የ40 ሜትሩ ደርሶ መልስ 3.4 ኦም ገደማ ይሆናል። ሴንሰርሽ 20 ሚሊአምፔር ቢስብ የሚጠፋው ከ0.1 ቮልት በታች ነው። ምንም ማለት አይደለም። በዚህ መንገድ ሴንሰሩም ዳታውም አንድ ግራውንድ ይጋራሉ። ማቆሚያው ላይም የሚሰረቅ ባትሪ አይኖርም።

ቦርዱንም ከዚያው ባትሪ ከ12 ወደ 5 ቮልት በሚያወርድ ኮንቨርተር ማብራት ትችያለሽ። ያኔ መብራት ቢሄድም ባይሄድም አይነካሽም። ኮንቨርተሩን ሳትሰኪው በፊት በመልቲሜትር 5.1 ላይ አስተካክይው። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ አድርጊ። ሂሳቡን ግን ሥሪ፦ ቦርዱና ዶንግሉ በአማካይ 5 ዋት ቢወስዱ በቀን 120 ዋት ሰዓት ነው። ይህም በ12 ቮልት 10 አምፔር ሰዓት ነው። ትንሿ ባትሪሽ ብቻዋን አትችለውም። መብራት ሲኖር የሚሞላት ቻርጀር ጨምሪላት። ግራውንዱን ስትወስጂ ደግሞ ከባትሪው ኔጌቲቭ ውሰጂ እንጂ ሶላር ኮንትሮለሩ ላይ «ሎድ» ከተጻፈበት አትውሰጂ። ብዙ ርካሽ ኮንትሮለሮች የሚያጠፉትና የሚያበሩት ኔጌቲቩን ነው።

ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ኤን ብርቱካናማው ላይ፣ ቢን አረንጓዴው ላይ አስረሻል። ሁለቱ የተለያየ ጥንድ ናቸው። ገመዱ የተጠመዘዘው ለጌጥ አይደለም። ኤ እና ቢ አንድ ላይ ሲጠማዘዙ ከውጭ የሚመጣው ረብሻ ሁለቱን እኩል ያገኛቸዋል፤ ተቀባዩ ልዩነቱን ሲወስድ ረብሻው ይጠፋል። በተለያየ ጥንድ ከሆኑ ይህ ጥቅም የለም። ሰማያዊውንና ነጭ ሰማያዊውን ተጠቀሚ። ኤ እና ቢ የሚለውን ጽሑፍም ሙሉ በሙሉ አትመኚ። አምራቾች በስሙ አይስማሙም። ምንም መልስ ካላገኘሽ ሁለቱን አቀያይሪያቸው፤ ዕቃው በዚህ አይበላሽም።

ሌላው የ120 ኦሙ ሬዚስተር ነው። አንዱ የ485ን መስመር ከቦርዱ ጋር በሚያገናኘው ሞጁል ላይ ተበይዷል፤ አንዱን አንቺ ሴንሰሩ ጋ ጨምረሻል። «485 ያለ 120 ኦም አይሠራም» የሚለው ምክር በየቦታው አለ። እኔ ለአንቺ መስመር አልስማማበትም። ሬዚስተሩ የሚያስፈልገው ምልክቱ ጫፍ ደርሶ ተንጸባርቆ ሲመለስ ቀጣዩን እንዳያበላሽ ነው። ምልክት በገመድ ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ 5 ናኖሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። 40 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 400 ናኖሰከንድ ነው። አንቺ በምትጠቀሚው 9600 ፍጥነት አንድ ቢት 104 ሺህ ናኖሰከንድ ይቆያል። ነጸብራቁ ቢቱ ገና እንደጀመረ ያልቃል። ሬዚስተሮቹ እዚህ ከሚጠቅሙት የሚጎዱት ይበልጣል። ለምን? ማንም በማይናገርበት ሰዓት መስመሩ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 200 ሚሊቮልት ልዩነት ይዞ መቆየት አለበት። ይህን የሚይዙት ኤን ወደ ላይ፣ ቢን ወደ ታች የሚስቡ ሬዚስተሮች ናቸው። እንዳንቺ ባሉ ሞጁሎች ላይ ብዙ ጊዜ 20 ሺህ ኦም ናቸው። ሁለቱ 120ዎች አንድ ላይ 60 ኦም ይሆናሉ። 60 ኦም ፊት ለፊት 20 ሺህ ኦሙ አቅም የለውም፤ የሚቀረው ልዩነት 7.5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። መስመሩ ያለ ባለቤት ይንሳፈፋል፤ ተቀባዩም ከባዶ መስመር ላይ ፊደል ያነባል። ሁለቱንም አውጫቸው።

አሁን የሚያሳስበኝ ነገር። ሞጁሉ ላይ ያለው ቺፕ ማክስ485 ነው፤ በ5 ቮልት ነው የሚሠራው። የሚያወጣውን ምልክት በቀጥታ ፒን 10 ላይ ሰክተሻል። የፓይ ፒኖች ከ3.3 ቮልት በላይ አይችሉም። እስካሁን መሥራቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ፒኑ ይሞታል፣ አንዳንዴ ቦርዱን ይዞት ይሄዳል። እኔ በራሴ እጅ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ እህል መጋዘን ሚዛን ከቦርድ ጋር ሳገናኝ ሶኬቱ ባለ9 ፒን አርኤስ 232 ነበር። 232 በኔጌቲቭና በፖዘቲቭ ቮልቴጅ ነው የሚነጋገረው፤ እስከ 15 ቮልት ይሄዳል። በመሃል ማክስ3232 ቺፕ ማስገባት ነበረብኝ። ዕቃው እስኪመጣ ልሞክረው ብዬ በቀጥታ አገናኘሁት። ቦርዱ አልተነሳም። የደንበኛው ቦርድ ነበር፤ ከኪሴ ተካሁት። «ሲሪያል» የሚል ቃል ስታዪ ሁሌም ቀድመሽ መጠየቅ ያለብሽ በስንት ቮልት እንደሚነጋገር ነው።

ያንቺን ለማስተካከል ሦስት መንገድ አለ። በ3.3 ቮልት የሚሠራውን ማክስ3485 መተካት አንዱ ነው። ወይም በ10 ሺህና በ20 ሺህ ኦም ሬዚስተር 5ቱን ወደ 3.3 ማውረድ። እኔ የምመርጠው ግን ሦስተኛውን ነው፦ ከዩኤስቢ ወደ 485 የሚቀይር፣ በውስጡ ኤሌክትሪካዊ መለያያ ያለው አዳፕተር። ዋጋው ከፍ ይላል። ግን በፒኖቹ ላይ ካለው ጣጣ ሁሉ ያወጣሻል። ፓይ 4 ላይ ፒን 8 እና 10 መጀመሪያ የሚሰጡሽ ሚኒ ዩአርት የሚባለውን ደካማ ፖርት ነው፤ ጥሩውን ብሉቱዝ ይዞታል። በተጨማሪም የሲሪያል ኮንሶሉ ካልተዘጋ ቦርዱ ሲነሳ መልእክቱን ሁሉ ወደ ሴንሰርሽ ይልካል። በዩኤስቢ አዳፕተር ከሄድሽ ሁለቱም አይመለከቱሽም።

የስሞቹ መቀያየር ቀላል ነው። ሲስተሙ «ዩኤስቢ 0»፣ «ዩኤስቢ 1» እያለ የሚሰይመው ቀድሞ ለተገኘው ነው። ዶንግል ብቻውን ሁለት ሦስት ፖርት ሊከፍት ይችላል። መብራት ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚነሳ አይታወቅም። ፕሮግራምሽ በቁጥሩ ሳይሆን በቋሚው ስም እንዲከፍት አድርጊ። ሲስተሙ «ሲሪያል» በሚል ፎልደር ውስጥ ሁለት ዓይነት ቋሚ ስም ያዘጋጃል፤ አንዱ በዕቃው መታወቂያ፣ አንዱ በተሰካበት ቀዳዳ። አዳፕተርሽ ውስጥ ያለው ቺፕ ኤፍቲዲአይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው በመታወቂያው ያዢው። ሲኤች340 ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ መለያ ቁጥር የለውም፤ ሁለት ተመሳሳይ ካሉሽ አይለያዩም። ያኔ በቀዳዳው ያዢው፤ ቀዳዳውንም በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጊበት። ጥበቃው ነቅሎ ቢሰካው የት እንደነበር ያውቃል።

ፕሮግራሙን ተይው ብዬሽ ነበር፤ ግን አንድ ነገር አለ። ሴንሰርሽና ቦርዱ በ485ቱ ላይ የሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ ሞድባስ፣ እያንዳንዱ መልእክት መጨረሻ ላይ የማረጋገጫ ቁጥር ይልካል። ትርጉም የሌለው ቁጥር መዝገብሽ ውስጥ ከገባ ፕሮግራሙ ያን አያረጋግጥም ማለት ነው። ያልተረጋገጠውን ጥለሽ እንደገና ጠይቂ።

አሁን ወደ 12 ሜትሩ። ዩኤስቢ 2.0 በአንድ ገመድ ከ5 ሜትር በላይ እንዲሄድ አልተሠራም። ቦርዱ ጥያቄ ልኮ መልስ የሚጠብቀው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። መልሱ ከዘገየ እንደሌለ ይቆጥረዋል። ከውስጥ ያሉት አራቱ ሽቦዎች ቀይ 5 ቮልት፣ ጥቁር ግራውንድ፣ ነጭና አረንጓዴ ዳታ ናቸው። ዳታዎቹ በ480 ሜጋቢት ፍጥነት ይሄዳሉ። ተቆርጠው፣ ተፈትተው፣ በቴፕ ሲጠቀለሉ ያን ፍጥነት አይሸከሙትም። ኃይሉ ደግሞ በ12 ሜትር ምን እንደሚሆን ከላይ ባለው ሂሳብ ራስሽ አስሊው። እኔ የማስቀምጠው እንዲህ ነው፦ ዩኤስቢ ከሳጥኑ አይውጣ፤ ሩቁን መንገድ 485 ይሂደው። 485 በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል። ኔትወርክ የሚሻለው ጣሪያው አጠገብ ከሆነ ሳጥኑን ራሱን ወደዚያ ውሰጂና የ485 ገመዱን አስረዝሚ። ዶንግልሽ የውጭ አንቴና ቀዳዳ ካለው ደግሞ አንቴናውን ብቻ አውጪ።

ሐይቁ ዳር ስለሆንሽ የምጨምረው አለ። ክረምት ላይ የጣናን መብረቅ ታውቂዋለሽ። በቀጥታ የመታውን ምንም አያድነውም፤ አጠገብ የወደቀው ግን 40 ሜትር ገመድ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያስነሳል። በሁለቱም ጫፍ ኤስኤም712 የሚባለውን መከላከያ በኤ፣ በቢና በግራውንድ መካከል አስገቢ። ለ485 ክልል ተብሎ የተሠራ ነው። ገመዱ ሽፋን ብረት ካለው በአንድ ጫፍ ብቻ መሬት አስነኪው።

ከሴንሰሩ የሚመጣው ገመድ ውስጥ ቀጭን የአየር ቱቦ ካለ በሲሊኮን አትድፈኚው። ሴንሰሩ የአየሩን ግፊት ከውሃው ግፊት የሚቀንሰው በእሷ በኩል ነው። ከተደፈነች የአየሩ ግፊት በ1 ሄክቶፓስካል በተለዋወጠ ቁጥር ሐይቁ በ1 ሴንቲሜትር የተነሳ ወይም የወረደ ይመስልሻል። ቱቦዋ የምታልቅበትን ሳጥን ደረቅ አድርጊው፤ ሲሊካ ጄል አስገቢበት፤ የገመዱ መግቢያም ወደ ታች ይሁን። የማገናኛ ሳጥኑን ከፍ አድርገሽ ስቀይው። ሐይቁ በሰኔ ከሚወርድበት በመስከረም እስከሚሞላበት ከአንድ ሜትር በላይ ይነሳል። ሴንሰሩን ባለቀዳዳ የፒቪሲ ቱቦ ውስጥ ክተቺው፤ ማዕበሉን ያበርድለታል፣ እንቦጭና መረብም አይጎትተውም። ገመዱን ታንኳ ከማይታሰርበት ጎን ባለው ቋሚ ላይ እሰሪው።

ምንም ሳትገዢ በፊት ሁለት ነገር ለክተሽ ጻፊልኝ። አንደኛው ዶንግሉ ሲልክ በፒን 2 እና በፒን 14 መካከል ያለው ቮልቴጅ ነው። ሁለተኛው በቦርዱ ግራውንድና በሴንሰሩ ግራውንድ መካከል ያለው ነው፤ ሁለቱ ገና ሳይገናኙ፣ መልቲሜትሩ ኤሲ ላይ ሆኖ። የሴንሰሩ ግራውንድ 40 ሜትር ርቆ ስለሆነ በገመዱ ትርፍ ሽቦ አምጪው።